የዳኛው ፊሽካና የተመልካቹ ቅሬታ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። በቅሎ በእኛ በስሜን አገር ዳገቱንና ቁልቁለቱን የምታሻግር፣ ዋጋዋም ከፍ ያለ ሀብት ናት። ጭብጦ ግን መንገደኛ ይዞት የሚሄድ ትንሽ ስንቅ ነው። ሰው ታላቁን ሀብቱን በሕግ ቢያጣ ይታገሣል፤ ትንሹን ስንቁን ያለ ሕግ ቢነጠቅ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ እግር ኳስ አይደለም። ነገር ግን በዘመናችን በኳስ ሜዳ ዙሪያ የሚነሣውን ቁጣና ጠብ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ነገር አንድ ነው። ይኸውም የእግር ኳስ ተመልካች በዳኛ ላይ የሚቆጣው ቡድኑ ስለ ተሸነፈ ብቻ አለመሆኑን ነው። ዳኛ ሰው እንደ መሆኑ መጠን እንደሚሳሳት ሁሉም ያውቃል፤ ቀኑ ካለፈም በኋላ ብዙው ሰው ይቅር ይለዋል። ይቅር ለማለት የሚያስቸግረው ለአንዱ ወገን ጥፋት የተነፋው ፊሽካ ለሌላው ወገን ተመሳሳይ ጥፋት ሳይነፋ ሲቀር ነው። ስሕተት አንድ ነገር ነው፤ የሚዛን መለዋወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው በዳኛውም ሆነ በተመልካቹ ላይ በትክክል ሊፈርድ አይችልም።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ በመካነ ብርሃን፣ በደባርቅና በዳባት ወጣቱ በዲኤስቲቪ ቤት ተሰብስቦ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ፣ ከፊሉ የአርሴናል ከፊሉ የማንችስተር ዩናይትድ ቲፎዞ ሆኖ ይውላል። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ባነሣ ጊዜ ደስታው ለጎንደር ከተማ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ለደጋው ሕዝብም ነበር። ብሔራዊ ቡድናችንም ስሙን ያገኘው ከተራሮቻችን እንስሳ ከዋልያ ነው፤ ዋልያም ከስሜን ተራሮች በቀር በሌላ የዓለም ክፍል በዱር አይገኝም። እንግዲህ ይህን ያህል ለኳስ ቅርብ የሆነ ሕዝብ ጨዋታው ካለቀ በኋላ አምሽቶ የሚከራከረው ስለ ምንድን ነው ቢባል፣ ብዙውን ጊዜ ስለ ጎሉ ሳይሆን ስለ ዳኛው ነው።

ሐሳቤን በምሳሌ ላስረዳ። በገበያ ቀን ገብስ የሚሸጥ ነጋዴ ቁናው አነስ ያለ ቢሆን፣ ገዢው ሁሉ በዚያችው ቁና እስከ ተሰፈረለት ድረስ በዋጋው ተነጋግሮ ይስማማል። ነገር ግን ነጋዴው ለአንዱ በትልቅ፣ ለሌላው በትንሽ ቁና ቢሰፍር ገበያው ይታወካል። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ፈተና ሲያርም ጥብቅ የሆነ መምህር አለ፤ እናጉረመርማለን እንጂ አንጠላውም፤ ጥብቅነቱ ለሁላችን ነውና። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት መልስ ጽፈው አንዱ ሙሉ ውጤት፣ ሌላው ዜሮ ቢያገኙ ግን ክፍሉ በሙሉ ይነሣል። በኳስ ሜዳም ጥብቅ ዳኛ ይለመዳል፤ ቸልተኛ ዳኛም ይለመዳል። በመጀመሪያው አጋማሽ ጥብቅ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ቸልተኛ የሆነውን ዳኛ ግን ማንም ሊለምደው አይችልም።

የአገራችን የገና ጨዋታም ይህንኑ ያሳያል። በገና ጨዋታ ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢነካው እንኳ ጌታው አይቆጣም የሚባል የቆየ አባባል አለ። ፊሽካ የያዘ ዳኛና የተጻፈ ደንብ በሌለበት፣ ጕዳትም በሚበዛበት ጨዋታ እንዴት ይህ ሊሆን ቻለ? እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ ልማዱ ለጌታውም ለሎሌውም አንድ መሆኑ ነው። በዚያች ቀን ሁለቱም የሚሰፈሩት በአንድ ቁና ነው።

አሁን ደግሞ ዳኛ ወደ እግር ኳስ ሜዳ እንዴት እንደ ገባ ጥቂት እንመልከት። ዘመናዊው እግር ኳስ በእንግሊዝ አገር ሲጀመር እንደ ዛሬው በሜዳ ውስጥ የሚሮጥ ዳኛ አልነበረም። ክርክር ሲነሣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይስማሙ ነበር። ቀጥሎም እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ዳኛ ይዞ መምጣት ጀመረ፤ ሁለቱ ዳኞች ያልተስማሙ እንደ ሆነ ከሜዳው ውጭ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ነገሩን ይቆርጥ ነበር። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1886 ተቋቋመ። በ1891 ደግሞ ያ ሦስተኛ ሰው ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት ወደ ሜዳው ገባ፤ ሁለቱ የቡድን ዳኞችም ወደ መሥመር ወጥተው የመሥመር ዳኞች ሆኑ። የፍጹም ቅጣት ምትም የተደነገገው በዚያው ዓመት ነው።

ቢጫና ቀይ ካርድ የመጣው ከዚህ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ በተደረገው የዓለም ዋንጫ፣ እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ፣ ጀርመናዊው ዳኛ የአርጀንቲናውን አምበል ራቲንን ከሜዳ አስወጣው። ዳኛውና አምበሉ በቋንቋ ስላልተግባቡ ብዙ ሁከት ሆነ። ኬን አስተን የተባለው እንግሊዛዊ የዳኞች አለቃ ከዚያ በኋላ የመንገድ ትራፊክ መብራትን አይቶ ስለ ካርዶቹ አሰበ ይባላል፤ ካርዶቹም በ1970 በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። ከዚህ የምንማረው አለ። ካርዱ የዳኛውን ውሳኔ ትክክለኛ አላደረገውም፤ ነገር ግን ተጫዋቹም፣ በሩቅ የቆመው ተመልካችም ምን እንደ ተፈረደ እንዲያውቅ አደረገ። ፍርድ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መታየትና መታወቅም አለበት።

ዛሬ የእግር ኳስ ሕግ 17 አንቀጾች አሉት። ከእነዚህ መካከል አምስተኛው ስለ ዳኛው ሥልጣን የሚናገር ሲሆን፣ በጨዋታው ውስጥ ስለ ተፈጸመው ነገር ዳኛው የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል። በጥንቱ የአገራችን ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ሥር ቆመው፣ እየተጠያየቁ፣ ዋስ ጠርተው፣ ምስክር ቆጥረው ይሟገቱ ነበር፤ ፍርዱ ያልጣመው ሰውም እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ድረስ ይግባኝ ይል ነበር። የእግር ኳስ ዳኛ ግን ከሳሽን ሳይሰማ፣ ምስክር ሳይጠራ፣ እየሮጠና ላቡን እየጠረገ በዓይን ቅጽበት ይፈርዳል። ይግባኝም የለውም። ስለዚህ ችሎቱ ባጠረ መጠን ሚዛኑ ቀጥ ማለት ይገባዋል።

ታዲያ ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ የሚለያየው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቶቹን በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛው ምክንያት ሕጉ ራሱ ብዙ ነገር ለዳኛው አስተያየት መተዉ ነው። ለምሳሌ አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ጥፋትን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ተጫዋቹ በጥንቃቄ ጉድለት ቢነካ ቅጣት ምት ብቻ ነው፤ ለባላጋራው አደጋ ሳይጨነቅ ቢገባ ቢጫ ካርድ ነው፤ ከመጠን ባለፈ ኃይል ቢገባ ቀይ ካርድ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ያለውን ወሰን በሜትር ሊለካው የሚችል ሰው የለም። አንዱ ዳኛ ቢጫ ያለውን ሌላው ቀይ ይለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ በየጊዜው መለወጡ ነው። ኳስን በእጅ ስለ መንካት የተጻፈው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሻሻለ፤ በ2021 ደግሞ እንደ ገና ተሻሻለ። በ2019 ደንብ መሠረት ኳስ ሳይታወቅ የጓደኛውን እጅ ነክታ ወደ አጥቂው ብትደርስና ወዲያው ጎል ብትሆን ጎሉ ይሻር ነበር። በ2021 ግን ጓደኛው ሳያስበው የነካው እንደ ጥፋት መቆጠሩ ቀረ። ተመልካቹ ይህን ሳይሰማ በአሮጌው ደንብ ይከራከራል፤ ዳኛው በአዲሱ ይፈርዳል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ቅሬታ ከአድልዎ ሳይሆን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የዓይንና የቦታ ጉዳይ ነው። ዳኛው ከጥፋቱ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየውና ከኋላ ሆኖ የሚያየው አንድ አይደለም። የመሥመር ዳኛው ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር እኩል መቆም ያለበት ስለዚህ ነው። ከሁለትና ከሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ከቀረ ከጨዋታ ውጪ የሆነውና ያልሆነው ይምታታበታል።

አራተኛው ምክንያት የተመልካቹ ጩኸት ነው፤ ይህ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ያወጡት አንድ ጥናት 40 ዳኞች የአንድ ጨዋታን ፊልም እያዩ እንዲፈርዱ አደረገ። ከፊሎቹ የሕዝቡን ጩኸት እየሰሙ አዩ፤ ከፊሎቹ ያለ ድምፅ አዩ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት ካልሰሙት በ15 በመቶ ያህል ያነሰ ሆነ። በስፔን ሊግ የተደረገ ሌላ ጥናትም ባለሜዳው በአንድ ጎል ሲመራ ዳኞች የሚጨምሩት ደቂቃ እንደሚያጥር፣ በአንድ ጎል ሲመራበት ግን እንደሚረዝም አሳየ። እንግዲህ ልብ በሉ። «ዳኛው ሚዛኑ ተዛባ» እያለ የሚጮኸው ተመልካች በጩኸቱ ሚዛኑን ከሚያዛቡት አንዱ ነው ማለት ነው።

ከእነዚህ ምክንያቶች ቀጥሎ በእውነት የሆኑ ነገሮችን እንመልከት። በአገራችን የኳስ ወዳጅ ዘንድ ከማይረሱት ቀናት አንዱ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በአዲስ አበባ ከናይጄርያ ጋር ተጋጥመው ነበር። ኢትዮጵያ በበኃይሉ አሰፋ ጎል ብትመራም ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ናይጄርያ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝታ 2 ለ 1 አሸነፈች። ያ ፊሽካ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ በሻይ ቤት ይሰማል። ሰው እንዲህ ለረጅም ጊዜ የሚያስታውሰው ሽንፈቱን ብቻ አይደለም፤ «በእኛ በኩል ቢሆንስ ኖሮ ይነፋ ነበርን?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ጥያቄ ሲሆን መልካም ነው። ወደ ዱላ ሲለወጥ ግን ጥፋት ይሆናል። በሚያዝያ ወር 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መከላከያና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በአንድ ጎል ምክንያት በተነሣ ክርክር ዳኛው በሜዳ ላይ ተደበደበ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም ውድድሮችን ለጊዜው አቆመ። በዚህ ማን ተጎዳ? የተደበደበው ዳኛ ተጎዳ፤ ከዚያም አልፎ በዚያች ጎል ምንም ክፍል ያልነበራቸው ቡድኖችና ተመልካቾች ሁሉ ጨዋታ አጡ።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያኮራ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያዊው ዳኛ በዓምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። በዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በካይሮ በአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሴኔጋልና ቱኒዝያን ዳኘ። ሴኔጋል በተጨማሪው ሰዓት 1 ለ 0 እየመራች ሳለ፣ ኳስ የሴኔጋሉን የጌይን እጅ ስለ ነካች ለቱኒዝያ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ከዚያም በቪዲዮ ረዳት ዳኞች ተጠርቶ፣ ከሜዳው ዳር ያለውን ቴሌቪዥን አይቶ፣ ውሳኔውን ራሱ ሻረ። ሴኔጋልም ለፍጻሜ አለፈች። ቱኒዝያውያን እጅግ አዘኑ። ነገር ግን በብዙ ሕዝብ ፊት «ደግሜ አይቼዋለሁ» ብሎ የራሱን ፍርድ መመርመር ለአንድ ዳኛ ትልቅ ድፍረት ነው።

ከዚያ ጨዋታ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በቱኒዝያ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በግንቦት 23 ቀን 2011 ዓ.ም. የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ በኤስፔራንስና በሞሮኮው ዊዳድ መካከል ሲደረግ፣ ዊዳድ ያገባው ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረ። ተጫዋቾቹ በቪዲዮ ይታይልን ብለው ጠየቁ፤ መሣሪያው ግን በዚያ ምሽት አይሠራም ነበር። ዊዳድ አልጫወትም ብሎ ቆመ፤ ጨዋታው ተቋረጠ፤ ነገሩም እስከ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ። ይታይላችኋል ተብሎ ተስፋ የተሰጠው ወገን ሳይታይለት ሲቀር ቁጣው ከቀድሞው ይልቅ ይበረታል።

ምናልባት «ገንዘብ ያለው አገር መሣሪያ ገዝቶ ይህን ችግር አስወግዷል» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ እንሻገር። አሜሪካኖች በሞላላ ኳስ፣ በእጅ እየያዙና እየወረወሩ የሚጫወቱት የራሳቸው ፉትቦል አላቸው። በታላቁ ሊጋቸው በአንድ ጨዋታ ሰባት ዳኞች በሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ የፊልም ምርመራም ከቆየ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የኒው ኦርሊንስ ቡድንና የሎስ አንጀለስ ቡድን ለፍጻሜ ለማለፍ ሲጋጠሙ፣ የኒው ኦርሊንሱ ተጫዋች ኳሱ ሳይደርሰው በተከላካዩ ተመታ። ጥፋቱን ሕዝብ ሁሉ አየው፤ ከሰባቱ ዳኞች ግን አንድም አልቀጣም። የዚያን ዓይነት ጥፋት በፊልም መመርመር በወቅቱ በደንቡ አልተፈቀደም ነበር። ሎስ አንጀለስ 26 ለ 23 አሸነፈ። የሊጉም አለቃ ቅጣት ሊሰጥ ይገባ እንደ ነበረ አመነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለትምህርታችን ይበልጥ ይጠቅማል። ሊጉ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ያን ዓይነት ጥፋት በፊልም እንዲመረመር ፈቀደ። ነገር ግን ፊልሙን የሚያየውም ሰው ነው፤ አንዱን ሻረ፣ ተመሳሳዩን አጸደቀ፤ ቅሬታው ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ደንቡም ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ቀረ። በእግር ኳስም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2018 በሕጉ ውስጥ የገባው የቪዲዮ ረዳት ዳኛ በዚያን ጊዜ የሚመለከተው አራት ነገር ብቻ ነበር፤ ጎልን፣ ፍጹም ቅጣት ምትን፣ ቀጥተኛ ቀይ ካርድንና በስሕተት የተቀጣን ሰው። ያውም ስሕተቱ ግልጽ ሲሆን ነው። ግልጽ የሚባለው የቱ ነው? ይህን ደግሞ የሚወስነው ሰው ነው። መሣሪያ ኳስ መሥመር አለፈች አላለፈችም የሚለውን ይለያል፤ የሰውን ሚዛን ግን አያስተካክልም።

አሁን ከሩቅ አገር ወደ ራሳችን ሜዳ ልመለስ። በአንድ የክፍሎች ውድድር ከሜዳው ዳር ቆሜ የተመለከትሁትን እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያው አጋማሽ ኳስ የአንዱን ክፍል ተከላካይ ክንድ ነካች፤ ዳኛው ነፋ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ፤ ጎልም ገባ። የተቆጠረባቸው ልጆች ጥቂት አጉረምርመው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። በሁለተኛው አጋማሽ ጉም ከገደሉ ወጥቶ ግማሹን ሜዳ ሸፍኖ ሳለ፣ በሌላው ክፍል ተከላካይ ላይ ያው ነገር ሆነ። ፊሽካ ግን አልተሰማም። በዚያን ጊዜ ተመልካቹ ወደ ሜዳው ገባ። አንዱ ይሰድባል፤ አንዱ ማልያ ይጎትታል፤ ትንንሾቹ ልጆች ድንጋይ አነሡ። ጨዋታው ሳያልቅ ተበተነ።

እኔ የቆምሁበት ቦታ ለነገሩ ቅርብ ስለ ነበረ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ዳኛው ለማንም አላደላም። ከጎሉ እጅግ ርቆ ነበር፤ በዚያ በኩል የመሥመር ዳኛ አልተመደበም ነበር፤ በአመድ የተሠመረውንም መሥመር የማለዳው ዝናብ አጥቦት ነበር። ስለዚህ ያላየውን ሊነፋ አልቻለም። ቢሆንም የተመልካቹም ቅሬታ ከንቱ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት ጥፋት ሁለት ዓይነት ፍርድ ማግኘቱ እውነት ነውና። ዳኛው ቅን ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሚዛን ሊያጣ ይችላል። ይህን ያን ዕለት ተማርሁ።

ከሁሉ የከፋው የሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ፊሽካውን የሚይዝ ሰው ታጣ። የስፖርት መምህራችን ከክፍል ክፍል እየዞሩ ለመኑ። ሕጉን ከሁላችን አሻሽሎ የሚያውቅ አንድ ጓደኛችን «ያለ ደመወዝ ሮጬ ለምን እናቴ ትሰደባለች?» ብሎ እምቢ አለ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ማልያቸውን ለብሰው፣ ሜዳ ዳር ተቀምጠው፣ ሳይጫወቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዳኛ የሌለው ሜዳ ለማንም አይሆንም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? እኔ ተማሪ እንጂ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ በእኛም ትምህርት ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ውድድር ከመጀመሩ በፊት የሚዳኙት ሁሉ በአንድነት ተቀምጠው አከራካሪ በሆኑት ጥፋቶች ላይ ይስማሙ። ኳስ ክንድ ስትነካ መቼ ይነፋል? ከኋላ የሚገባ ተጫዋች መቼ ቢጫ ያያል? ይህንም ለየክፍሉ አምበሎች ያስረዱ። ቁናው ከገበያው በፊት ይታይ።

ሁለተኛ፣ ከማይጫወቱት ክፍሎች ሁለት የመሥመር ዳኞች ሳይመደቡ፣ መሥመሩም እንደ ገና ሳይሠመር ጨዋታ አይጀመር። አመድ በየቤታችን አለ።

ሦስተኛ፣ ከዳኛው ጋር የሚነጋገር አምበሉ ብቻ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2024 በጀርመን በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ይህ ደንብ ተሠርቶበት ዳኛን መክበብ ቀንሷል። በአገራችንም ልማድ በሽምግልና ፊት አንድ ሰው ይናገራል እንጂ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጮኽም።

አራተኛ፣ ዳኛው የወሰነበትን ምክንያት የሚያስረዳበት ጊዜ ይኑር። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራልያና በኒውዚላንድ በተካሄደው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኞች በቪዲዮ ያዩትን ውሳኔ በድምፅ ማጉያ ለተመልካቹ ይናገሩ ነበር። እኛ ድምፅ ማጉያ ባይኖረን ሰኞ ጧት በሰልፍ ላይ ሁለት ደቂቃ አናጣም። ቅሬታ ያለው ክፍል በጽሑፍ ያቅርብ፤ ዳኛውም ያየውንና ያላየውን ይንገረን። ውጤቱ አይለወጥም፤ ልብ ግን ያርፋል።

አምስተኛ፣ ዳኝነት እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ክብር ይቆጠር። ለሚዳኙ ተማሪዎች ትምህርት ይሰጥ፤ በዓመቱ መጨረሻም ከዋንጫ አሸናፊዎቹ ጋር ይሸለሙ። ሴቶች እኅቶቻችንም ፊሽካውን ለመያዝ አይፈሩ። ኢትዮጵያዊቷ ዳኛ ሊድያ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ፣ በ2019ም በፈረንሳይ ለተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ተመርጣለች። ከአገራችን አንዷ ይህን ካደረገች ከእኛም ሠፈር ሌላዋ ልታደርገው ትችላለች።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ በሜዳ ዳር የሚናገሩትን ቃል ብዙውን ጊዜ የሚማሩት ከታላላቆቻቸው ነው። በዲኤስቲቪ ቤት ዳኛን በእናቱ የሚሳደበውን ጎልማሳ ሕፃኑ አጠገቡ ቆሞ ይሰማዋል። የተከበራችሁ መምህራን፤ በክፍል ውስጥ ለሁላችን በአንድ ሚዛን ስትፈርዱ እኛም በሜዳ ላይ ሚዛን እንማራለን። እናንተም ጓደኞቼ፤ ለቡድናችሁ ጩኹ፣ ዘምሩ፣ አጨብጭቡ። ፍርድ የተዛባ ሲመስላችሁም ዝም በሉ አልላችሁም፤ አንድ ዓይነት ጥፋት አንድ ዓይነት ፍርድ ያግኝ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ያንኑ ሚዛን በራሳችሁ ላይ አድርጉት። ተከላካያችሁ ኳስ በእጁ ሲነካና ዳኛው ሳያይ ሲቀር፣ በባላጋራችሁ ቢሆን ኖሮ የምትጮኹትን ያህል ጩኹ። ይህን የሚችል ቲፎዞ ከተገኘ የዳኛው ሥራ በግማሽ ይቀላል።

ቀድሞ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ሌላው እጁን ሰብስቦ ባለበት ይቆም ነበር። ፖሊስ ስላለ አይደለም፤ ሕግ ለሁለቱም አንድ መሆኑን ስለሚያምን ነው። የዳኛ ፊሽካም ይህን ያህል እንዲከበር ከተፈለገ ዳኛው ለሁሉም እኩል ይንፋ፤ ተመልካቹም ለሁሉም እኩል ይፍረድ። በመጪው ዓመት እኔ የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ጨርሼ ከዚህ እሄዳለሁ። የክፍሎች ውድድር ግን ይቀጥላል፤ መምህራችንም ፊሽካውን ይዘው እንደ ገና «ማን ይዳኛል?» ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ሕጉን ያነበበ አንድ ተማሪ ተነሥቶ እንዲቀበላቸው፣ ሌሎቻችሁም እንድታከብሩት እየለመንሁ ጽሑፌን እዚህ ላይ አቆማለሁ።